የአሜባውን ካባ የሚያነበው ኪት፦ ሁለት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

በመጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቴክላብ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው የሰገራ ምርመራ ኪት ነው። ስሙ ኢ. ሂስቶሊቲካ ቱ ይባላል። ሥራው አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ሆድ ውስጥ ያለው አሜባ አንጀት የሚበላው ነው ወይስ ዝም ብሎ የሚኖረው? ይህን ይለያል። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኔን ተክዬ ዓመታት አልፈዋል። ኪቱን ባለቤቱ በአስመጪ በኩል አስመጣልን፣ እኔም ሁለት ወር ያህል ሠራሁበት። የወደድኩትንም ያልተመቸኝንም እጽፋለሁ።

ለምን እንደፈለግነው የአገራችን ሰው ቶሎ ይገባዋል። አሜባ እኛ ጋ የቤት ስም ነው። ሆድ ጮኸ፣ አሜባ። ሰላጣ በላሁ፣ አሜባ። አንዳንዱ ሰው እንደ ቤተሰቡ አባል «አሜባዬ ተነሳብኝ» ይላል። ሰፈር ውስጥ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይታዘዝለታል፣ ካልሆነ ፋርማሲ ሄዶ በአፉ ተናግሮ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። ላቦራቶሪ ከመጣም እኛ ስላይድ ላይ ትንሽ ሰገራ በሳላይን በጥብጠን፣ አዮዲን ጨምረን፣ እናያለን። አራት ኒውክሊየስ (የሴል እምብርት) ያለው ክብ ሳይስት፣ ማለትም አሜባው በሽፋን ተጠቅልሎ የሚወጣበትን መልክ፣ ካየን እንጽፋለን። ሐኪሙ ያነባል። መድኃኒት ይታዘዛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ክብ ሳይስት የሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ሊሆን ይችላል። አንዱ ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ይቦረቡራል፣ ደም ያስቀምጣል፣ አንዳንዴም ጉበት ድረስ ሄዶ መግል ይቋጥራል። ሌላው ኢንታሚባ ዲስፓር ነው። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል፣ በሽታ አያመጣም። በማይክሮስኮፕ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ይመሳሰላሉ» አላልኩም፣ አንድ ናቸው ነው ያልኩት። መጠናቸው፣ ኒውክሊየሳቸው፣ ሁሉ ነገራቸው። የቱንም ያህል ልምድ ያለው ባለሙያ ሳይስት አይቶ ሊለያቸው አይችልም። ይህን የምለው ከራሴ ጀምሬ ነው።

የሚለያዩት ቆዳቸው ላይ ነው። እንግዲህ እኔን የማረከኝ ይህ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

አሜባ ራቁቱን አይሄድም። ላዩ ላይ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ልባስ አለው፣ እኔ ካባ እለዋለሁ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የጎጂው ካባ ወፈር ያለ ነው፣ የዲስፓር ሳሳ ያለ። ጎጂው ላይ ሊፖፎስፎግላይካን የሚባል ስብና ስኳር የተያያዘበት ነገር በብዛት ይገኛል፣ ዲስፓር ላይ ግን በጣም ጥቂት ነው። ደግሞ ጎጂው ሲፒ 5 የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ላዩ ላይ ይዞ ይዞራል። ዲስፓር የዚህ ኢንዛይም የሚሠራ ጂን የለውም። አንዱ መቀስ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው።

ከሁሉም ዋናው ግን መያዣው ነው። ጎጂው አሜባ የአንጀት ሴል ላይ የሚጣበቅበት ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለው። ሌክቲኑ ጋላክቶስ እና ኤን አሴቲል ጋላክቶሳሚን የሚባሉትን ስኳሮች ይፈልጋል። እነዚህ ስኳሮች አንጀታችንን በሸፈነው ንፍጥና በሴሎቻችን ላይ ሞልተዋል። ገጠር በእግሩ የሄደ ሰው ሱሪው ላይ የሚጣበቀውን ጨጎጊት ያውቃል። እንደዚያ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ሴሉን ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ ጥናት ደግሞ አሜባው ሕያው ሴል ላይ እየነከሰ፣ እየቆረሰ እንደሚበላ አሳይቷል። ያንን ሳነብ ብዙ ያየኋቸው ደም የቀላቀሉ ናሙናዎች ትዝ አሉኝ።

ዲስፓርም ሌክቲን አለው። ብዙ ሰው የለውም ብሎ ያስባል፣ ስህተት ነው። አለው፣ ግን ቅርጹ በአንዳንድ ቦታ ይለያል። የኪቱ ሚስጥር ያለው እዚህች ልዩነት ላይ ነው። በ1990 ተመራማሪዎች በዚህ ሌክቲን ላይ የሚያርፉ ሞኖክሎናል አንቲቦዲዎችን፣ ማለትም አንድን ቅርጽ ብቻ ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖችን፣ ሞክረው ነበር። አንዳንዶቹ ሁለቱም ላይ ተጣበቁ። ሌሎቹ ግን ጎጂው ላይ ብቻ። ያን ጊዜ ሁለቱ ገና በይፋ ሁለት ዝርያ አልተባሉም ነበር። የተባሉት በ1993 ነው። በ1925 ብሩምት የተባለ ፈረንሳዊ ሁለት ናቸው ብሎ ስም ሁሉ አውጥቶ ነበር፣ አብዛኛው ሰው አልተቀበለውም። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ልዩነት ማሳየት አልቻለማ። በ1973 የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ከባቄላ ዘመድ የሚወጣ ኮንካናቫሊን ኤ የሚባል ፕሮቲን አሜባዎች ላይ ሲጨምሩ ከታመሙ ሰዎች የተወሰዱት አሜባዎች ተያይዘው ጓጎሉ፣ ከጤነኛ ተሸካሚዎች የተወሰዱት ግን እንደዚያ አልሆኑም። ያም የካባ ልዩነት ነው። ብሩምት ትክክል ነበር። ይህ ሰውዬ ይህን ሳያይ መሞቱ ያሳዝነኛል።

ወደ ኪቱ ልመለስ። ሳጥኑ ውስጥ 96 ዌሎች አሉ፣ ስምንት ስምንት እየሆኑ በ12 ስትሪፕ የተደረደሩ። ዌል ማለት የጣት ጫፍ የማታስገባ ትንሽ ፕላስቲክ ኩባያ ናት። ታችዋ ላይ ሌክቲኑን የሚይዝ አንቲቦዲ ተቀብቷል። ሰገራውን በባፈር በጥብጠን እንጨምራለን፣ ጎጂውን ብቻ የሚያውቀው አንቲቦዲም ይጨመራል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ከዚያ ማጠብ፣ ቀለም የሚሰጠውን ፈሳሽ መጨመር፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። ሌክቲን ካለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ማቆሚያው አሲድ ሲገባ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም። ኢላይዛ (እንዲህ በአንቲቦዲና በቀለም የሚሠራ ምርመራ) የሠራ ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ማጠቡ ላይ ግን ቀልድ የለም። እኛ ማጠቢያ ማሽን የለንም፣ በጠርሙስ ነው የምናጥበው። መጀመሪያ ቀን ቸኩዬ አጠብኩ። ኔጌቲቭ መቆጣጠሪያው፣ ማለትም አሜባ እንደሌለበት የታወቀውና ቀለም መያዝ የሌለበት ዌል፣ ራሱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ጥዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በደንብ ሞልቼ፣ ገልብጬ፣ ንጹህ ወረቀት ላይ ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ። ወረቀቱ ላይ እርጥበት እስኪጠፋ ድረስ። ሌላው የክፍሉ ሙቀት ነው። ምርመራው በክፍል ሙቀት ይሠራል ይላል፣ ግን የሐምሌ ጠዋት የአዲስ አበባ ክፍልና መመሪያው የሚለው ክፍል አንድ አይደሉም። ከፍሪጅ የወጣውን ዕቃ በደንብ ሳላሞቅ አልጀምርም። ጠዋት አውጥቼ ከሰዓት እሠራለሁ።

አሁን ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያደረገኝን ቀን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት አሉ፣ የሰፈራችን ሰው ናቸው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣሉ። ዕቃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይሰጡኛል፣ ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ያው አሜባዬ ነው የተነሳብኝ፣ ቶሎ ጽፈህ ስጠኝ» ይሉኛል። «እማማ፣ እኔ አይቼ ነው የምጽፈው፣ መድኃኒቱን ሐኪሙ ነው የሚያዝልዎት» እላቸዋለሁ። ሁልጊዜ ሳይስት አገኝባቸዋለሁ። ሁልጊዜ እጽፋለሁ። ሁልጊዜ ሜትሮኒዳዞል ይዘው ይሄዳሉ። 750 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ያውም በዚያ ዕድሜ። «አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል፣ እንጀራው አይበላልኝም» ብለው ነግረውኛል። ጨርሰው ይሻላቸዋል፣ ጥቂት ወራት ቆይተው ይመለሳሉ።

ኪቱ ከመጣ በኋላም መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ሳይስት አገኘሁባቸው። በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት መጣ። ደምና ንፍጥ። ናሙናው ገና ሳይቀዘቅዝ ስላይድ ላይ አደረግኩት፣ የሚንቀሳቀስ ትሮፎዞይት (ከሳይስቱ የወጣ፣ የሚበላ አሜባ) ነበረው፣ ሆዱ ውስጥ ቀይ የደም ሴል የዋጠ። እንዲህ ሲሆን ኪት አያስፈልግም፣ በተግባር ጎጂው ነው ብሎ መያዝ ነው። ሐኪሙም አልጠበቀም፣ ወዲያው መድኃኒት አስጀመረው። ከዚያ አብሮት የሚኖረውን ጓደኛውን ናሙና አምጣ አለው። ጓደኛው ምንም አያመውም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ስላይዱ ላይ ግን ሳይስት። ክብ፣ አራት ኒውክሊየስ። ልክ እንደ እማማ።

ሁለቱን ስላይዶች አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ እየቀያየርኩ አየሁ። አላፍርም፣ ረጅም ሰዓት አየሁ። ምንም ልዩነት የለም። በወረቀት ቢሆን ሁለቱም የሚያገኙት ውጤት አንድ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ስትሪፕ ላይ አደረግኳቸው። የመጀመሪያው ዌል ፖዘቲቭ መቆጣጠሪያ፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ፣ ሦስተኛው እማማ፣ አራተኛው ያ ጤነኛ ወጣት። ቀለሙን ከጨመርኩ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ሁሉም ውሃ መሰሉ። ከዚያ የመቆጣጠሪያው ዌል ከታች በኩል ሰማያዊ መሆን ጀመረ። ቀስ ብሎ አራተኛውም። ሦስተኛው እንደ ውሃ ቀረ። አሲዱን ሳደርግ አንደኛውና አራተኛው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኑ። የእማማ ዌል ከኔጌቲቭ መቆጣጠሪያው አይለይም ነበር።

ያመማቸው ሴትዮ ሆድ ውስጥ የነበረው ጎጂው አልነበረም። ጤነኛው ልጅ ሆድ ውስጥ የነበረው ነው ጎጂው። እማማ ያንን ሁሉ ካፕሱል የዋጡት በሽታ ለማያመጣ አሜባ ነበር ማለት ነው፣ የሆዳቸውም ችግር ሌላ ነው። ሐኪሙ ጨጓራቸውን መመርመር ጀመረ። ልጁ ደግሞ ሳይታመም አንጀት ውስጥ ያለውን የሚያጸዳ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ምክንያቱም ሜትሮኒዳዞል ሥጋ ውስጥ የገባውን እንጂ አንጀት ውስጥ የቀረውን ሳይስት በደንብ አያጠፋም። ፓሮሞማይሲን ወይም ዳይሎክሳናይድ ነው የሚሰጠው። ለማግኘት ብዙ ፋርማሲ ዞሯል። ግን አገኘ። ባያገኝ አንድ ቀን ራሱ ሊታመም ይችል ነበር፣ በእጁም ለሌላው ሊያስተላልፍ።

ይህ የእኛ ክሊኒክ ብቻ ችግር አይደለም። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ወንጂ እና አቃቂ ላይ ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ሰዎችን አይቶ ነበር። አሜባ ተብሎ ይጻፍላቸው ነበር፣ ሂስቶሊቲካ ግን አልተገኘባቸውም። ያንን ሳነብ ደነገጥኩ፣ እኔም እንደዚያ ስጽፍ ነው የኖርኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 ሜክሲኮ ሲቲ ባለሙያዎችን ሰብስቦ በማይክሮስኮፕ የታየ ሳይስት «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር» ተብሎ ይጻፍ፣ ሂስቶሊቲካ መሆኑ ካልተረጋገጠ ምልክት የሌለውን ሰው አታክሙ የሚል ምክር አውጥቷል። ቆየት ያለው ግምት ዓለም ላይ ከ500 ሚሊዮን ተሸካሚዎች 90 በመቶ ያህሉ ዲስፓር ነው የያዙት ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ጎጂው በዓመት ከ40,000 እስከ 100,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ተገምቷል። ስለዚህ «አሜባ ምንም አይደለም» የሚልም ሰው ተሳስቷል። የትኛው አሜባ ነው ጥያቄው።

እሺ፣ ያልተመቸኝን ልናገር። ዋጋው። ከተራው የሰገራ ምርመራ ጋር አይወዳደርም፣ ብዙ እጥፍ ነው። ለእማማ ክሊኒኩ ራሱ ሸፈነላቸው፣ ለሁሉ ሰው ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛ፣ በሠራን ቁጥር ሁለት ዌል ለመቆጣጠሪያ ይሄዳል። አንድ በሽተኛ ብቻ ካለ ሦስት ዌል አጠፋን ማለት ነው። ስለዚህ ናሙና ፍሪዘር ውስጥ እያጠራቀምን በሳምንት አንድ ቀን ነው የምንሠራው። በሽተኛው ይጠብቃል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ እኔ ፍሪዘሩ ጋ እሮጣለሁ። ኩባንያው ኩዊክ ቼክ የሚባል በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ፣ ለአንድ ለአንድ ሰው የሚሠራ ካሴትም አለው። እኛ አልሞከርነውም፣ እንደኛ ላለ ትንሽ ክሊኒክ ግን እሱ የሚሻል ይመስለኛል፣ ለባለቤቱም ነግሬዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ፎርማሊን የነካው ናሙና አይሆንም። ፎርማሊን ካባውን ያበላሸዋል፣ አንቲቦዲው የሚያውቀውን ቅርጽ ያጣል። ትኩስ መሆን አለበት፣ ወይም ወዲያው የቀዘቀዘ። ከሌላ ቦታ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ የመጣ ናሙና ተልኮልን መመለስ ነበረብን። ሰውየው ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ነው የመጣው፣ አሳዘነኝ። መድኃኒት ጀምሮ የመጣ ሰው ላይ ደግሞ ኔጌቲቭ ቢል እኔ ልቤ አይሞላም። በጣም ጥቂት አሜባ ያለበትንም ሊያልፈው ይችላል፣ በዚህ በኩል ፒሲአር (የአሜባውን ዲ.ኤን.ኤ የሚፈልግ ምርመራ) ይበልጠዋል። ግን ፒሲአር እኛ ሰፈር የለም።

እና ማይክሮስኮፑን አታስወግዱት። ኪቱ ጃርዲያን (ሌላ የአንጀት ጥገኛ) አያውቅም። ወስፋትን አያውቅም። የኮሶ ትል እንቁላልን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አንድ ካባ ብቻ ነው። እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስላይድ። ሳይስት ካለ ውጤቱ ላይ «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር» ብዬ እጽፋለሁ፣ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ ሐኪሞቹ «ይሄ ምንድነው፣ አንዱን ምረጥ እንጂ» ብለውኝ ነበር። ስላይዱን እንዲያዩ ጠራኋቸው። አንዷ ዶክተር ረጅም ጊዜ አይታ ቀና አለችና «ታዲያ ስንቱን ሰው ነው እንዲሁ ያዋጥነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምልክቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ወይም ሰውየው ተመላልሶ ሲመጣ ለኪቱ ታዝዛለች።

ልግዛው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ አዎ፣ ግዙ። በሳምንት አምስት ስድስት የሚያጠራጥር ናሙና ካላችሁ ይህኛው ይሠራላችኋል። ከዚያ በታች ከሆነ ካሴቱን ጠይቁ። ሲመጣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ መምጣቱንም ጠይቁ፣ አስመጪው ቢሰለችባችሁም ጠይቁ። በሽተኛ ለሆናችሁ ደግሞ፣ አሜባ አለብህ ከተባላችሁና በዓመቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ፣ የቱ አሜባ እንደሆነ የሚለይ ምርመራ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደም ካያችሁ፣ ትኩሳት ወይም በቀኝ ጎናችሁ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ካለባችሁ ግን ይህን ሁሉ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ናሙናውን ጠዋት፣ ንጹህ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ውሃና ሽንት ሳይነካው፣ በተቻለ ፍጥነት አምጡ። የማታውን አታምጡ።

የእኛ ሳጥን ውስጥ አሁን አንድ ስትሪፕ ቀርቷል። ስምንት ዌል። ሁለቱ ለመቆጣጠሪያ፣ ስድስቱ ለሰው። ፍሪዘር ውስጥ አምስት ናሙና አለ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ እሠራቸዋለሁ። አንዷን ዌል ክፍት ትቻታለሁ፣ ለዚያ ጤነኛ ወጣት ናት። መድኃኒቱን ጨርሷል፣ ረቡዕ ናሙና ያመጣል።